በር ላይ የሚቀር ስለት

ከብሔራዊ ቴያትር ጀርባ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ አዟሪው ጎን፣
ጋሽ ጣፈጠ በካኪ ሸራ ላይ ይዘረጋል ሴንጢውን፤
ግማሹ ተከፍቶ፣ ግማሹ ተዘግቶ፣
አንዳንዱም እንደ ሌሊት ዘበኛ ዓይኑን በስሱ ከፍቶ።
«አትዪው፣ ያዢው» ይለኛል፣ «እጅ ነው የሚመርጠው፤
ዓይንማ ሞኝ ነው፣ ያብረቀረቀ ሁሉ የሚያማልለው።»

ቀዩን ያዝኩ።
መቀስ አለው፣ ወረንጦ አለው፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ ሌላም፣ ሌላም፤
ሁሉን ሙያ ጀምሯል፣ አንዱንም አልጨረሰም።
ለመክፈት ጥፍር ይጠይቃል፤ የኔ ጥፍር መች ያድግና፣
በቱቦ ጠርዝ፣ በሽቦ ጫፍ ያልቃል ገና በጠዋቱ ገና።
ስጨብጠው መዳፌ ውስጥ ጠፋብኝ፣
ሳንቲም እንጂ ስለት የያዝኩ አልመሰለኝ።

ጥቁሩን አነሳ። በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ቀጭ!
ሁለት መንገደኛ ዞር አለ፣ አንዲት እናት ልጇን ሳበች።
«ይሄ መንሸራተት አያውቅም» አለ፣ «እጅሽን ዘይት ቢነካም፤
አራት ጣት፣ አራት ቦይ፤ ተፈልፍሎለታል፣ አያመልጥም።»
አራት ቦይ፣ እውነት ነው።
ግን በማን ጣት ልክ ነው የተቆፈረው?
የኔ ትንሿ ጣት ከመስመር ወጥታ ቀረች፣
በር እንደተዘጋባት አርፋጅ ተማሪ ከአጥር ውጪ ቆመች።

ያኔ ነው የራሴን ከሱሪዬ ኪስ ያወጣሁት።
የአባቴን። ልሸጠው አልነበረም፣ ላስተያይ ነው ያመጣሁት።
ለገሃር፣ ባቡሩ ገና ሲያፏጭ፣ ከጥገናው ክፍል ውስጥ፣
ከጡረታ ወጪ መካኒክ በግማሽ ደሞዙ የገዛው፤
የእንጨት እጀታ፣ አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት፣
ማዞሩን ለረሳ ሰው ጣቱ ላይ የሚታጠፍበት።

አባቴ ግራኝ ነበር።
ሠላሳ ዓመት በአንድ አያያዝ፣ አውራ ጣቱ ያረፈበት
እንጨቱ ጎድጉዶ ቀርቷል፣ እንደ ደጃፍ ድንጋይ፣ ብዙ እግር እንደረገጠበት።
እኔ ቀኝ ነኝ። ስይዘው ጉድጓዱ በማላውቀው በኩል ይውላል፣
ጣቴ ይዞራል፣ ይዳብሳል፣ ማረፊያ ያጣል።

ጋሽ ጣፈጠ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
መዳፌ ውስጥ ገለበጠው፣ «ስለቱ ወደ ሰማይ» ብሎ።
ገባ።
አውራ ጣቴ የአውራ ጣቱ አልጋ ላይ ተኛ።
ሽቦ ስልጥ ወደ ራሴ አይደል የምስበው?
እኔ ስለት ተስዬ አላውቅም፤ የተሳለ ነገር ግን ይዣለሁ፣
ሰማይ ሰማዩን ሲያይ፣ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

ዋጋ አልጠየቅኩም። እሱም አልከፋው፤
«የሞተ ሰው እጅ ያለበትን ካራ እኔ አላሸንፍም» ብሎ ጥቁሩን አጠፈው።

ሜክሲኮ፣ የምሠራበት ፎቅ፣ አሥራ አራተኛው ወለል፤
መብራት ዘርጊ ይሉኛል፣ ስለት ግን አይገባም ይሉኛል።
በር ላይ ወርዶፋ ይቀበለኛል፣
ቢጫ ባልዲ ውስጥ ያኖርልኛል፣
ከመቀስ፣ ከጥፍር መቁረጫ፣
ከአንዲት ሙሽራ የኬክ ቢላ ጋር።
ቀኑን ሙሉ ሽቦውን በጥርሴ እልጣለሁ።

ትናንት ማታ ስወርድ መብራት ጠፍቶ ነበር
(በኔ ሥራ አይደለም፣ የሰፈሩ ነው)፤
ወርዶፋ በስልኩ ብርሃን ብርቱካን ይልጣል
በአባቴ ሴንጢ፣ በግራ እጁ፤
ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል።
አላየውም፣ አልፈለገውም፤ አውራ ጣቱ
ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ እንደ ቤቱ።

ሲያየኝ ደነገጠ። በሱሪው ጠረገው፣ አጠፈው፣
ቀለበቱንም ሁለት ጊዜ አዞረው፤
አንዴ ይበቃ ነበር። አባቴም ሁለቴ ነበር የሚያዞረው።
ግማሹን ብርቱካን ጨምሮ ሰጠኝ።

የታክሲው ሰልፍ እስከ ድልድዩ ደርሷል። ቆምኩ።
እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
እንጨቱ ገና አልበረደም።