የመጥረጊያው እንጨት

በርገን ላይ ዝናቡ እንግዳ አይደለም፤
ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ሳይሰናበት ነው የሚከርም።
እኔ ቶርላይቭ፣ ጡረተኛ፣ የመርከብ መካኒክ፣
አርባ ዓመት ከሞተር ጋር የኖርኩ ስነታረክ፣
ጸጥታ ገዛሁ፣ በቁጠባዬ ልክ፤
በአሮጌ የእንጨት ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ።

ከላዬ ሲኖቬ ገባች።
ቀን ዳቦ ቤት ውላ፣ ዱቄቷን አራግፋ፣
ሌሊት ወጥ ቤቷ ውስጥ ማይክሮፎን ደግፋ፣
ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፋፍና፣
ፍሪጁ እንዳያጉረመርም ገመዱን ነቅላ
(ወተቷ ይበላሽ፣ ግድ የላትም)
አንዲት ስንኝ ይዛ እስኪነጋ ስትለፋ።

አንዲቷን ነው። አንዲቷን። መቶ ጊዜ።
«መስኮቱን አትዝጋው…»
ቆም ትላለች። ትስላለች። ክሯን ታጠብቃለች።
«መስኮቱን አትዝጋው…»
ኧረ ማን ከፈተው፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጊዜ!

ተነሣሁ። መጥረጊያ አነሣሁ፤
እንጨቱን ገልብጬ ኮርኒሱን መታሁ፤
ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት ብዬ፦
ዱብ ዱብ — ዱብ።
ዝም አለች። ደስ አለኝ። ተኛሁ።
በማግስቱም «መስኮቱን»፤ በማግስቱም ዱብ ዱብ — ዱብ።
ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ስንነጋገር፣
ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግን ጨዋ ነበርን፤
«እንደምን አደሩ?» «ደኅና፣ አንቺስ?»
ስለ ሌሊቱ ትንፍሽ ያለ የለም።

ሚያዝያ ላይ በሬ ተንኳኳ።
እሷ ናት። ጸጉሯ እርጥብ፣ እጇ ላይ አንድ ዲስክ፤
ሽፋኑ ካርቶን፣ በተቀረጸ ድንች የታተመ ሰማያዊ ወንበር።
«ሦስት መቶ ነው ያሳተምኩት፤ ኩባንያ የለኝም፣
ገንዘቡ የዳቦ ነው። ይቺ ሰባተኛዋ ናት፤ የእርስዎ ናት።»
መልስ ሳትጠብቅ ሮጣ ወጣች።

ማጫወቻ የለኝም። መኪናዬ ግን አላት፤
የማልነዳት፣ ዝገት የበላት።
ወርጄ ገባሁ፣ ቁልፉን ግማሽ አዞርኩ፤
የመስታወቱ መጥረጊያ ተነሣ፣ ዘፈኑም ተነሣ።

አንደኛው ስለ ባቡር ነው። አልጣመኝም።
ሁለተኛው ከረሜላ፤ ውስጡ ግን ሚስማር አለ፤
ስለ አባቷ መሰለኝ።
ሦስተኛው ረዘመ።
አራተኛው ላይ፣ ጊታሩ ሳይገባ፣ ድምጿ ሳይገባ፣
ዱብ ዱብ — ዱብ።

እጄን አየሁት።
ዱብ ዱብ — ዱብ፤ ዜማው ከኋላው መጣ፣
ከዚያ ያቺ መቶ ሌሊት የጠላኋት ስንኝ
በእኔ ቁጣ ጀርባ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ
«መስኮቱን አትዝጋው» አለች።
አሁን ገባኝ፤ መስኮቱ የቤት አይደለም።

ምቱንም ያኔ ነው ያወቅሁት።
የሂልዳ ማሪ ሞተር ነው፤ ሦስተኛው ፒስተን የሚያነክስ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጆሮዬን ጥዬ ያደመጥኩት፣
ብለምነው፣ ብሰድበው፣ አልድንም ያለ።
እሷን ለብረት ሸጧት። እርምጃዋ
ክንዴ ውስጥ ተደብቆ ሲኖር አልነገረኝም።

ካርቶኑን ገለበጥኩ። በጉንዳን ፊደል የምስጋና ዝርዝር፤
መጨረሻው መስመር ላይ፦
«ከበሮ፦ ከታች ያሉት ሰውዬ።»

ከዘጠኙ አራቱን ብቻ ነው የወደድኩት። ልዋሽ አልችልም።

አሁን በአሮጌ ቫን ከወደብ ወደብ ትዞራለች፤
ሠላሳ ሰው ከመጣ ሞላ ትላለች አሉ።
የገዛሁት ጸጥታ ይኸው፣ ሙሉው፤
እንደ ሰው ልብስ ሰፋኝ።

አከራዩ ቀለም ቀቢ ላከብኝ።
ኮርኒሱ ላይ ያሉትን ጠባሳዎች ቆጠረ፤
«ልድፈናቸው?»
«ተዋቸው» አልኩት።
ሲወጣ የፍሪጁን ገመድ ነቀልኩ።
ወተቱ ይበላሽ።