ከጫፍ በፊት

ቱሪን ጭጋግ ለብሳ፣ በየካቲት ማለዳ፣
ከትራሙ ሐዲድ ማዶ፣ ከኦሬስቴ ጋራዥ ጓዳ፣
ሲኞራ ኤርሚኒያ ገባች፣ መኪና አስጎትታ፤
ሟች ባሏ የተዋት ሴይቼንቶ፣ ሰማያዊ ቀለሟ ነጥታ።
«ታስላለች» አለችን፣ «ዳገት ስታይ ትተኩሳለች፣
ሱፐርጋን ሳታጋምስ ታፍና ትቆማለች።»

ኦሬስቴ አልሰማትም።
ግራ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፣ ቀኙም ብዙ አይቀረውም።
ሳሉን ደረቴን መትቼ፣ ተኩሱን በጭብጨባ አሳየሁት፤
ገብቶት ሳቀ። ድምፅ የለውም ሳቁ፤ ዓመት ፈጅቶ ለመድኩት።

እኔ ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ፣ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ ስል፣
የሰው ቋንቋ መሆኑን ማን ነገረኝ? የእናቴ ነበር የሚመስል።
እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን «ካቻቢቴ» ሲለኝ፣
ሳላመነታ አቀበልኩት፤ ቀና ብሎ አየኝ።
«ካቴና» ሲለኝ ግን እጄ ባለበት ቀረ፤
እኛ ዘንድ ካቴና የሚወጣው ሰው ሊታሰር ነበረ።

አሁን ሽፋኑን ስንፈታ፣ በዘይት ጠቁራ፣
ካቴናዋ ታየች፣ ሁለት ጥርሳም መዘውር አጣምራ፤
ትንሹ ሁለቴ ሲዞር ትልቁ አንዴ እንዲዞር፣
ቫልቩ በሰዓቱ እንዲከፈት፣ በሰዓቱ እንዲዘጋ፣ እንደ በር።
ነጥብ ከነጥብ ፊት ለፊት መግጠም ሲገባው፣
አንድ ጥርስ ስቷል።
አንድ ብቻ።
«ማነው የገጠመው?»

«ባሌ ነው» አለች፣ «ባለፈው በጋ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፤
ሰው አይንካብኝ ብሎ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ እያማጠ።»
ጎንበስ ብላ አየችው፣ የሳተውን ጥርስ፤
«ልታቃኑት ነው?» አለች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ላለማልቀስ።
አዎ አልናት። ሌላ ምን እንላለን?
ፈታነው። ነጥብ ከነጥብ አገጣጠምን።

ቀጥሎ እሳቱ። ፑንቲናውን በካርቶን ቁራጭ ጠርጌ፣
አምፖል ከቦቢናው ጋር በሽቦ አድርጌ፣
ስፒንተሮጀኖውን በጣቴ፣ ሕፃን እንደማስተኛ፣ አዞርኩት፤
ብልጭ ስትል፣ ከጫፍ በፊት አሥር ዲግሪ ላይ፣ አሰርኩት።

ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር፤ ፒስተኑ ገና ሳይወጣ ላይ፣
ካንዴላው ምን አስቸኮለው? ብዬ እጠይቅ ነበር፣ መላሽ ሳላይ።
ኦሬስቴ ነው የነገረኝ፣ አንድ ቀን ምሳ ስንበላ፦
«እሳት ወዲያው አይነድም። እሱም መንገድ አለው፣ እንደ ሌላ ሌላ።
ጫፍ ላይ ደርሰህ ብትለኩስ፣
ጉልበቱ አየር ላይ ይቀራል፤ አንተ ዘግይተህ ስትደርስ።»

አስነሣናት።
የካቻቢቴውን የእንጨት እጀታ በጥርሱ ነክሶ፣
ጫፉን ቴስታታው ላይ አሳርፎ፣ አጎንብሶ፣
ዓይኑን ጨፍኖ፣
በመንጋጋው አጥንት አዳመጠ፣ ሐኪምም ንስሐ አባትም ሆኖ።
ሁለት ጣቱን አነሣ፤ አቀራረባቸው፤ ፀጉር ታህል።
ፀጉር ታህል ቀደም አደረግኋት። ተወችው ማሳል።

ሴትዮዋ ነድታት ሄደች፣ ከትራሙ ኋላ፤
መስታወቱ ላይ የባሏ ኮፍያ ነበር፣ ሲወዛወዝ ከኋላ።
እጃችንን ስንታጠብ፣ ሳሙናውን እያየ፣
«ሰኔ ላይ ጋራዡን እሸጠዋለሁ» አለኝ፤ ውሃውን ሳይዘጋ ቆየ።

ገና የካቲት ነበር። በረዶው ከጣራ አልወረደም።
እሺም አላልኩት፣ ለምንም አላልኩት። ብናገርም አይሰማም።
ካቻቢቴዋን ጠርጌ ከሚስማሯ ሰቀልኩ፤
እጀታዋ ላይ የጥርሶቹን ፋና
በአውራ ጣቴ፣ አንድ በአንድ፣ ዳሰስኩ።