ሙቅ

የእናቴ የደብሪቱ ቃላት፣
እንደ ክረምት ድልድይ ተወሰዱ በአንድ ሌሊት።
ስሜ ሄደ፣ የአባቴ ሄደ፣ የጎረቤት ስም፣
በር፣ ማንኪያ፣ ውሃ፣ ሰኞ — አንድም አልቀረም፤
ከድስት ሥር እንዳረረ እህል፣ ቢፍቁት ያልለቀቀ፣
አንድ ቃል ብቻ ተረፈ፣ ከምላሷ ጥግ የተጣበቀ፦
«ሙቅ።»

ሐምሌ ነው፤ ደብረ ብርሃን ጉሟን ተከናንባ፣
ብርዱ እንደ አበዳሪ ሳያንኳኳ ሲገባ፣
«ሙቅ» አለች፤ ጋቢዬን ደረብኩላት።
ከጠባሴ ማዶ ፀሐይ ለአፍታ ብቅ ስትል፣
«ሙቅ» አለች፤ አልጋዋን ገፋሁት ወደ መስኮቱ በኩል።
እህቴ ውድነሽ ከመሐል ሜዳ ስትመጣ፣
አውቶቡስ ያንገላታት፣ ጫማዋ ጭቃ የጠጣ፣
«ሙቅ» አለቻት።
ውድነሽ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች፤ እኔም ዝም አልኳት።

መምህር ነኝ፤ ሐዘን ሲይዘኝ ሥርወ ቃል እቆፍራለሁ፣
ሰው ጠላ ቤት ሲሄድ እኔ ወደ ግእዝ እሄዳለሁ።
«ሞቀ» ይላል ግንዱ፤ ቅርንጫፉ ብዙ፦
የሞቀ ገበያ፤ ሞቅ ያላቸው ሰዎች ግድግዳ ይዘው ሲጓዙ፤
የሞቀ ትዳር፣ የሞቀ ጠብ፤
ድንኳን ደጅ እሳት የሚሞቅ የለቀስተኛ ክብ።
ታዲያ መቼ ነው ድስት የገባው? ማነው ለእህል ያወረሰው?
መዝገበ ቃላቱ ዝም ብሏል፤ የሚከተለው የእኔ ግምት ነው፦

በአንድ የክፉ ቀን ማታ፣ ከመንዝ ሰማይ ሥር፣
ዱቄት ቢያንሳት አንዲት ሴት፣ ውሃ ስትጨምር ስትጨምር፣
እፍኝ ገብስ ሲዋኝ በባሕር፣
«ምን ሠራሽልን?» ቢሏት ልጆቿ፣
እህል ነው ልትል አፍራ፣ ዓይኗን ተክላ ከእጆቿ፣
ሙቀቱን ጠራችላቸው።
የጠጡት ስሙን ነበር፤ ስሙም አስተኛቸው።

ሐኪሙ «ገብስ ይቅር» አለ፤ «ገለባው ያንቃታል፤
ሩዝ ቀቅላችሁ አቅጥኑላት፤ እሱ ይዋጥላታል።»
ውድነሽ ቆልታ፣ ፈጭታ ያመጣችው ዱቄት
በፌስታል እንደታሰረ ቀረ ከአልጋው በታች፣ ከጫማዎች ጎረቤት።
ከጎን አልጋ የተኛችው ዘሀራ፣ የአጣዬዋ ነጋዴ፣
ጨጓራዋን ይዛ ሳቀች፦ «ሩዝ ለመንዝ ሴት? ወይ ጉዴ!
ባሕር ተሻግሮ፣ በግመል ወጥቶ የመጣ፣
ስሙን እንኳ ከዐረብ አገር ይዞ የወጣ፣
እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ስም ይወጣለታል፤
ያለዚያ ማን በሩን ይከፍትለታል?»

ልክ ነበረች። ማንኪያውን አቅርቤ «ሩዝ ነው፣ እማዬ» ብል
ከንፈሯ ተቆለፈ።
«ገንፎ» ብል ተቆለፈ።
«ሾርባ» ስላት ወደ ግድግዳው ዞረች።
«አጥሚት» ስል ብቻ፣ እንደ ጥንት አራስ፣ ቅንድቧን አነሳች፤
መልሳ ጣለች።
እንፋሎቱ አለቀ። በላዩ ስስ ቆዳ ጋረደው።
«ሲሞቅ በማንኪያ፣ ሲበርድ በእጅ» አለችኝ ዘሀራ፤
«በል፣ እጅህን ታጠብና ሥራ።»

ጣቴን ነከርኩ። እንደ ሲሚንቶ ወለል ቀዝቅዞ ነበር።
ያችን የጥንት ሴት አሰብኳት፣ ልጆቿን፣ የድስቷን ባሕር፤
እንደ እሷ ዋሸሁ።
«ሙቅ» አልኩ።
አፏን ከፈተች።

ማታ ተረኛዋ ነርስ ካርዱን ስትሞላ፣
«ምግብ?» አለች። «ሙቅ» አልኳት፣ ሩዙን ትቼ ወደ ኋላ።
«አስታማሚ?» ስትል፣
ስሜን ልናገር አፌን ስከፍት፣
ደብሪቱ ቀደመችኝ።