ሦስት ጣት

ውጭ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አኩሬይሪ ጨልሟል፤
ከፊዮርዱ የመጣ ነፋስ በሩን ይደበድባል።
ስቴይኑን ወለሉ ላይ በጎኗ ተጋድማ፣
የገላዋን ክብደት በክርኗ ተሸክማ፣
በጥቁር የስፖንጅ ጥቅልል ጭኗን ትዳምጣለች፤
ጥጥ ይመስል ሥጋዋ፣ ፍሬ ትፈልጋለች።
ስታገኘው ትቆማለች። ትተነፍሳለች። ትሳደባለች።
እኔ ተጠባባቂ ነኝ፣ ሁለተኛ በረኛ፤
አሥር ዓመት ሰከንድ ስቆጥርላት የኖርኩ ጓደኛ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም።
ከጨዋታ በፊት እግሯን እንደ መቀስ ከፍታ፣
ጥርሷን ነክሳ፣ እስከ ወለሉ ድረስ ተዘርግታ፣
"ቁጠሪ!" ትለኝ ነበር፤ ለያንዳንዱ እግር ሁለት ደቂቃ።
አልነሣም ትላለች፣ ጅማቷ እስኪለምን "በቃ!"
በሐምሌ ባሏን ስትፈታ፣ ምስክር ሆኜ አየሁ፤
እሷው ራሷ ስትፈታ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የት አየሁ?

መስከረም ላይ አዲስ ወጌሻ፣ ኤይቪንዱር የሚባል መጣ፤
ጢሙ ገና ያላማረበት፣ ትናንት ከትምህርት የወጣ።
ቁጥር የሚያወጣ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ "ዝለይ" አላት፤ ዘለለች።
ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር።
"አሁን እንደ ልማድሽ ሳቢ።" ሳበች፤ ቆጠርኩ፤ ጨረሰች።
ሃያ ዘጠኝ ተኩል።
ደገመች። ያው ነው። "ምንጣፉ ታሟል" አለች።

በማግስቱ ስፖንጁን ሰጣት፦ "በየጭኑ አንድ ደቂቃ ዳምጪ፣
ከዚያ እግርሽን እያወናጨፍሽ፣ ወዲያ ወዲህ ሩጪ።"
ሠላሳ አንድ! ከዝላይዋ አንዲት እንኳ ሳትጎድል፣
እግሯ ደግሞ ሦስት ጣት ጨመረ፣ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል።
በጠመኔ ምልክት አድርገን፣ እየሳቅን ሻይ ልንጠጣ ሄድን፤
ሩብ ሰዓት ቆይተን ብንመለስ፣ ከሦስቱ አንድ ጣት አገኘን።
"የት ገባ?" አለች፣ ቦርሳዋን እንደተሰረቀ ሰው።
"ጡንቻሽ መች ረዘመና!" አላት፤ "የሚከለክልሽ አንጎልሽ ነው፤
ለትንሽ ጊዜ ፈቀደልሽ። ብድር ነው፤ ሩብ ሰዓት ሲሞላ ይመለሳል።
የራስሽን ከፈለግሽ፣ ማታ ማታ፣ ከልምምድ በኋላ ይሳባል፤
ወር በወር። በግድ ግን አይደለም።"
ስቴይኑን ብድር አትወድም፤
ባሏ የገዛው ጀልባ ዕዳ ገና አላለቀም።

ሦስት ወር፣ ማታ ማታ፣ በስልክ ቆጠርኩላት፤
ውሻዋ ሲያዛጋ ይሰማኛል። አንዳንዴ መሐል ላይ እንቅልፍ ጣላት።

ዛሬ ሃያ አራት እኩል። ሰዓቱ አልቋል፤ የቀረው የሰባት ሜትር ምት።
የቬስትማን ደሴቶቿ ግራኝ፣ ራፍንሂልዱር፣ ቆመችበት።
መዳፏ ላይ ሙጫ አለ፤ ኳሱን ሁለት ጊዜ አሳየች፣ ደበቀች፣
ወደ ላይኛው ማዕዘን ለቀቀች።
የስቴይኑን እግር ተነሣ፤
ተነሣ፤
ጭኗ እምቢ ማለት ረሳ።
ኳሱ የጫማዋን ጫፍ ላሰ፣ ቋሚውን መታ፣
ገባ።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ስለ ኳሱ አልጠየቀችም።
"ከዳመጥኩ ስንት ሰዓት አለፈ?"
"ሁለት ሊሞላ ትንሽ ነው።"
"እንግዲያ ያ የኔው ነበር።"
ኤይቪንዱር "የጨዋታው ሙቀትም እኮ..." ሊል አፉን ከፈተ፤
ዐይኔን አየና ከደነው፤ የታጠፈ ፎጣ እንደገና ማጠፍ ጀመረ።

እሷ ላቧ ሳይደርቅ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ከፈተች፤
ግራና ቀኝ፣ በዝግታ።
ጥርሷን አልነከሰችም።
"ቁጠሪ" አለች።

አንድ።
ሁለት።