አዋሽ ያልደረሰበት

ለገሃር ጣቢያው ፊት፣ ቀትር ስድስት ሰዓት፣
ያ ሰማያዊ ታክሲ ጥቁር ጭሱን ተፋው፤
መሐረቤን ፈለግሁ። ረዳቱ ምንተስኖት
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ሳል ድምፁን አጠፋው።

ጭሱ ግን አልቆመም፤
ወረፋ አልያዘም፣ ቲኬት አልቆረጠም፤
ሣር በበቀለበት ሐዲድ፣ አባቴ በሌለበት፣
ቁልቁል ወደ ድሬ፣ ከድሬም ወደዚያ፣
ባሕሩ ካለበት።

አባቴ ሽብሩ፣ ፍሬን ያዥ የነበረው፣
ከጅቡቲ ሲመጣ፣ ልብሱን ጨው የበላው፣
ዛጎል አወጣልኝ ከካፖርቱ ኪስ፤
«ጆሮሽ ላይ ለጥፊው፣ ባሕሩ ሲተነፍስ
ትሰሚዋለሽ» አለኝ።
እኔ የሰማሁት የራሴን ደም ነበር፣
ወይ የቸርችልን መንገድ ሲያጓራ ሲያማርር።
ባሕር ማለት ለእኔ እስከ ዛሬ ያ ነው፤
መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ቁም ሳጥን ላይ ያለው።

ወንዛችን እንኳ አይደርስ።
ባንተይቅጡ ዞሮ ከአቃቂ ጋር ያድራል፣
አቃቂም ለአዋሽ ጉዱን ያስረክባል፤
አዋሽ ግን አፋር ላይ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፣
ባሕሩን ሳያየው።
ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤
የእኛው ማደሪያ አለው፣ ፌስታል ታቅፎ ይተኛል።
ውሃ ያቃተውን ጭስ ግን ቻለበት።

የእህቴ ልጅ ናርዶስ፣ ገና ስምንተኛ ክፍል፣
«ከምንተፋው ጭስ» አለች፣ «ሩብ ያህሉን
ባሕር ይውጥልናል።»
«ታዲያ ደግ ነዋ!»
«ደግማ ነው አክስቴ። የዋጠ ሆድ ግን መች ዝም ይላል?
ቀስ በቀስ፣ እንደ አምቦ ውሃ፣ እየጎመዘዘ ይሄዳል፤
ያኔ ዛጎል ሠሪው በምን ቤት ይሠራል?»

ሎሚ ቆርጣ መጣች።
ዛጎሉን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።
የአባቴ ነው አላልኩም።
የተሸረፈው ጠርዝ ጭማቂው ሲነካው
ጥቃቅን አረፋ ፈላ፣ እንደ ሹክሹክታ፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
እንደዚያን ቀኑ አይደለም፤ ይሄኛው ተሰማኝ።

ሠልፉ አጠረና ተራዬ ደረሰ፤
ምንተስኖት በሩን ደብደብ አድርጎ
«ግቢ እንጂ እናቴ፣ መሄጃሽ አይደል?» አለኝ።
መሄጃዬ ነበር፤ ሌላም መሄጃ የለኝ።
ገባሁ።
ጭሱ ከኋላችን ተነሣ፣ ቀደመን።
ንግድ ሥራን ስናልፍ ሒሳቡን ሰጠሁት፤
«ዝርዝር የለም» አለኝ፣ ዓይኑን ወደ ውጭ።
ሜክሲኮ ላይ ወረድኩ፣ እጄን እንደ ዘረጋሁ።
ታክሲው ሄደ።
መልስ የለም።