የአናት ቅጠል

ቡሬ ገበያ ዳር፣ ከበርበሬ መጋዘኔ ጀርባ፣
ልየው ሳጥን ከፈተ፣ ፀሐይ ስትገባ።
ሲጋር ስጠብቅ ድንች አየሁና ሳቅሁ፤
"ምን ልትቀቅል ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።
"ቅጠሉ እንዳይደርቅ ነው፤ ሐቫና ባሕር አላት፤
ቡሬ ያላት ድንች ነው፣ እሱን ቆርጬ ሰጠኋት።"

በአሥራ ሁለት ዓመቱ በመርከብ ተወሰደ፤
ኩባ ላይ አደገ፣ ሞተር መፍታት ለመደ፣
በሃያ ስድስቱ ቡሬ ላይ ወረደ።
እዚያ የቀረ ጓደኛው፣ ዓመት ጠብቆ፣ በሰው እጅ፣
አንድ ሳጥን ይልካል፤ ደብዳቤ አያውቅም እንጅ።

ሦስት ዓመት አጨስን፣ ልዝቡን፣ መካከለኛውን፣
የገብስ ቆሎ የሚሸት፣ ጉሮሮ የማይቧጥጠውን።
ቅዳሜ ገበያ ሲበተን፣ ሂሳብ ዘግተን፣
አንዷን ለሁለት፣ ተቀባብለን።
ባለቤቴ አንጓች በሩቅ ታማትባለች፤
"ነፍስህን እንደፈቀድክ፣ ጋቢውን ግን አውልቅ" ትላለች።
የንስሐ አባቴም ሰምተው ስግደት ጨመሩብኝ፤
ሰገድኩ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

በአራተኛው ዓመት የመጣው ሌላ ነበር፤
ጥቁር፣ ቅባት ያዘለ፣ እንደ ታሸ ጠፍር።
ልየው ዝም ብሎ አንዱን አገላበጠ፤
"ይሄ የአናት ቅጠል ነው" ብሎ መልሶ አስቀመጠ።
"የታች ቅጠል ጥላ ያገኛል፤ ለስላሳ ነው፣ ይነዳል፤
የመሐሉ መዓዛ አለው፤ ሰው እዚያ ላይ ይለምዳል።
የአናቱ ግን ፀሐይዋን ብቻውን ይጠጣል፣
ከሁሉ ኋላ ይቀጠፋል፤ ምሬቱ እዚያ ይቀመጣል።
በልተህ ና። ቀስ በል። እንደ በርበሬ አትዳፈር።"
እኔ የበርበሬ ነጋዴ! ማን ሊያስፈራኝ በምድር?

ማረቆውን ከቡሬው በአፍንጫዬ የምለይ፣
ጆንያው ሳይፈታ ቃጠሎውን የማይ፣
ዓይኔ ሳያነባ ሚጥሚጣ የምቅም፣
ለአንድ ቅጠል ጭስ ምን ብዬ ላዝግም?
ከጠዋት እህል አልቀመስኩም፤ ያንን አልነገርኩትም፤
ሳብኩ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ፤ መጀመሪያ ምንም።

ከዚያ ምላሴ ላይ ቁንዶ በርበሬ ፈነዳ፣
ቀጥሎ የአፈር፣ የቆዳ፣ ዝናብ የመታው ሜዳ፣
ቀጥሎ ስም የሌለው፣ ሬት የመሰለ፤
ከሬቱ ኋላ ማር፤ ማሩ ሳይቆይ መጋዘኑ ዘለለ።
ጣሪያው ወረደ። የባሕር ዛፉ አጥር ዞረ።
ቀዝቃዛ ላብ ጀርባዬን እንደ ጉንዳን ወረረ።
ሃምሳ ኩንታል በዓይን የምገምት እኔ ሰውዬ፣
ጆንያ አቅፌ ተንበረከክሁ፣ "ማርያም!" ብዬ።

ልየው አልሳቀም። ከኪሱ ስኳር አወጣ፣
ከምላሴ ሥር አኖረ፣ ሕፃን እንደሚያጠጣ።
"እኔም" አለ፣ "በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ትንባሆ ማሳ ዳር፣
የእናቴን ሞት ባረዱኝ ለት፣ ከእርሻው ሽማግሌ ጋር፣
ይሄንን ነው ያጨስኩት። እሱም ስኳር ነው የሰጠኝ።"
ሌላ አልጨመረም። ምን ልበል? ስኳሬን መጠጥኩኝ።

ከዚያ ወዲህ ተማርኩ፣ በልቶ መቀመጥ፣
አመድ አለማርገፍ፣ ከጭስ ጋር አለመሮጥ፣
መራራን ደጅ መጥናት፣ እስኪያስገባ ድረስ።
አንድ ቀን ወደ ልዝቡ ብል መመለስ፣
ውኃ ውኃ አለኝ።
የወደድኩት ነገር ነበር፤ ትንሽ አሳዘነኝ።

አምና ሳጥን አልመጣም፤ ዘንድሮም ቀረ።
ደብዳቤ የማይጽፍ ሰው፣ ይሙት ይኑር በምን ተነገረ?
አንዲት ብቻ ቀርታለች። ልየው አያነሣትም፤
እኔም አላነሣትም።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ጆንያ ሲሰፋ፣
ክዳኑን ከፍተን እናሸታለን፣ ጠረኗ እንዳልጠፋ።
ከዚያ አንጓች፣ ጋቢዋን ራቅ አድርጋ፣ ምንም ሳትናገር፣
አዲስ የድንች ቁራጭ ታቀብለናለች ከበር።