ከቀለሙ በታች

ሰሌዳውን የገዛሁት ከኤርሚኒዮ ነው፣ በአርባ ዩሮ፣
አፍንጫው ተሰብሮ ተጠግኗል፣ ጎኑ ተቦርቡሮ፤
"ካንተ በፊት ሦስት ሰው ሞገድ ጋልቦበታል" አለኝ፣
"አራተኛው አንተ ነህ፤ አደራ" ብሎ ሰጠኝ።
ነጩ ገርጥቶ ገርጥቶ የሻይ መልክ ይዟል፣
ከሆዱ ላይ የቀድሞ ጌታው ስም ደብዝዟል፤
"ሩዪ" ወይም "ሉዪ" ይላል፣ በደንብ አይነበብም፤
የማላውቀው ሰው ስም ጋልቤ ባሕር አልወርድም።

እሑድ ጠዋት፣ ማቶዚኞስ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሣ፣
ጓሮው የቆርቆሮ ፋብሪካውን ሲሸት፣ ዘይትና ዓሣ፣
ሁለት በርጩማ ደቅኜ ሰሌዳውን አጋደምኩ፣
ፀሐይ ሰሙን እስክታለሰልስ ጠበቅኩ፣
በአሮጌ የአውቶቡስ ካርድ ፋቅኩ።
ሰሙ እየተጠቀለለ ወረደ፣ ግራጫ፣ አሸዋ የያዘ፣
የስንቱ ተረከዝ አብሮት የተጓዘ።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣
ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ እንደገና የብርጭቆ ወረቀት፤
ጥፍሬ ነጣ፣ ቅንድቤ ነጣ፣
የወፍጮ ቤት አይጥ መስዬ ከአቧራው ስወጣ
የጎረቤቴ ውሻ አላወቀኝም።
ጮኸ፣ ጮኸ፣ ደከመው።

"ጥቁር ቀባው፣ ያምራል" ብሎኝ ነበር ቴልሞ፤
"ጥቁርማ" አለ ኤርሚኒዮ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣
"ፀሐይ ይጠራል፤ ውስጡ ይፈላል፣ ቆዳው ከሥጋው ይላቀቃል፤
ባሕር ያላፈረሰውን መልክ ያፈርሰዋል።"
ስለዚህ ሰማያዊ ገዛሁ።

ግድግዳው ትናንት ኖራ ተቀብቷል፤ እንዳይበላሽ፣ ነጭ አንሶላ
ከገመዱ አውርጄ ከኋላው ሰቀልኩ፣ አሮጌ መሰለኝ፤ ይቆየን ለኋላ።
ሰሌዳውን አስደገፍኩ፤ አፌን በጨርቅ አሰርኩ፣
ቆርቆሮውን ነቀነቅኩ፤
ውስጡ ያለችው ብይ
"ቃ፣ ቃ፣ ቃ" ትላለች፣ የታሰረች፣ "አውጡኝ" ባይ።

በስሱ ይላል ትእዛዙ፤ በስሱ፣ ደጋግመህ።
የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ።
እህል ነዋ! ቀለም ፈሶ መች ይለቀማል?

የመጀመሪያው ዙር እንደ ጉም፣ ሁለተኛው እንደ ሰማይ፣
ሦስተኛው ላይ እጄ ቆየ፤ ትንሽ ልድገም ስል፣ ላይ በላይ፣
አንዲት ዘለላ ወፈረች፣ አመነታች፣ ቁልቁል ወረደች፤
እንደ እንባ አልልም፤ ጠብታ ነበረች።
ልጠርጋት ስል ባሰ። ተውኩት።

ያን ጊዜ አንዲት ዝንብ፣ ከየት እንደሆን እንጃ፣ መጥታ
መሀል ላይ አረፈች፣ ክንፏን ገጥማ፣ ረግታ፤
አንድ እግሯን አነሣች፤ ሌላው ተያዘ፤
ክንፏ ሁለቴ ተርገበገበ፣ ከዚያ ፈዘዘ።
መርፌ ይዤ ጎንበስ አልኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ብነቅላት ቀለሙም አብሮ ሊላጥ ነው፤ ልቤ ቆረጠ።
ቨርኒሹን ከላይዋ ነፋሁባት።

ግራሲየት መጣች፣ ቅርጫት ከዳሌዋ፣
ገመዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ቆመ እርምጃዋ፤
ሰሌዳውን ሳነሣው፣ አንሶላዋ ላይ፣ በሰማያዊ ጭጋግ መሀል፣
ነጭ የሰሌዳ ቅርጽ፣ ልክክ ብሎ፣ ቆሟል፤
እኔ የሳትኩትን ሁሉ እርሱ ሳይስት፣
ጠብታ የለው፣ ዝንብ የለው፣ አንዲት ስሕተት።

አልጮኸችም። ያ ነው ያስፈራኝ።
"ስንት ልክፈል?" ብላት "የሰርጌ ነበር" አለች፤
"ባልየው ቢሄድም አንሶላው ደግ ነበር" ብላ ነቅላ ወሰደች።

ረቡዕ ማታ በሬ ተንኳኳ፤ ከረጢት ሰፍታለች፣
ነጩን ቅርጽ ተከትላ፣ በመረብ ክር ቀምቅማዋለች።
"ለአራት ቅዳሜ ዓሣ ትፍቅልኛለህ" አለች፣ ሂሳቧን ዘግታ፤
"መፋቅ ትችልበታለህ፤ ችግርህ መቀባቱ ላይ ነው" ብላ፣ ስቃ፣ ወጥታ።

አሁን ደርቋል። ሞገድ ላይ ስነሣ
ከባሕር ዳር የሚያይ የሆዱን ቀለም አያይም፣ ከታች ካለው ዓሣ
በቀር። ቴልሞ እንኳ "ምን ቀባኸው?" አለኝ ትናንት።

ተራዬን ስጠብቅ፣ ውኃው ላይ ተቀምጬ፣
እጄን ከሰሌዳው ሥር አሾልካለሁ፣ ጎንበስ ብዬ፤
መጀመሪያ ጠብታዋ፣
ከዚያ በአንድ ስንዝር እልፍ ብሎ ትንሽ እብጠት።
እዚያው አለች።